ቦሌ አራብሳ ያለው ፊልም መጫኛ ቤትና የኢንተርኔት ደረጃ ሰጪዎቹ፦ ለወላጅ የቱ ይጠቅማል?

ቦሌ አራብሳ ለምትኖሩ ወላጆች፣ በተለይ ቅዳሜ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ፊልም ለምታዩ ነው የምጽፈው። ሳይታችን ውስጥ ግራውንድ ላይ ያለውን ፊልም መጫኛ ቤት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ በጥራጥሬ መሸጫውና በሴቶች ፀጉር ቤቱ መሃል ያለው፣ ስሙን የማልጠራው ማስታወቂያ እንዳይመስል ብዬ ነው። ስለሱ አገልግሎት ልጽፍ ነው ግን ስለሱ ብቻ አይደለም፣ ለቤተሰብ ፊልም ስመርጥ ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ደረጃ ሰጪዎችም ስለማይ አንድ ላይ ላያቸው ፈልጌ ነው። የማወዳድራቸው ደግሞ በዋጋና በፍጥነት አይደለም። ይሄ ፊልም ልጄ ልብ ውስጥ ምን ይተክላል የሚለውን ጥያቄ ማን በደንብ ይመልስልኛል፣ እሱን ነው የማየው።

መጀመሪያ ቤቱን ላመስግን። ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ይዘህ ትገባለህ፣ የሚሠራው ልጅ ወጣት ነው ግን ጨዋ ነው፣ ፍላሹን ከመሰካቱ በፊት "ጋሼ ከማን ጋር ነው የሚያዩት?" ብሎ ይጠይቃል። ይሄን ጥያቄ ሌላ ቦታ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። መሃል ከተማ ያሉት ቤቶች ስንት ጊጋ እንደሆነ ነው የሚጠይቁህ፣ አክሽን ነው ሆረር ነው ሲዝን ነው ይሉሃል፣ በቃ። እሱ ግን ከማን ጋር እንደምታይ ካወቀ በኋላ ነው ፎልደሩን የሚከፍተው። ለልጆች ብቻ የሚሆን አለ፣ ለቤተሰብ የሚል አለ፣ ለትልቅ ሰው የሚል አለ፣ ለቤተሰብ የሚለው ውስጥ የሚያስገባውን ራሱ አይቶት ነው፣ ያላየውን "አላየሁትም፣ አይውሰዱት" ይላል። ስንት ሰው ነው ሥራውን እንደዚ የሚሠራው? ለአንድ ፍላሽ የምትከፍለው ደግሞ ከሁለት ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም።

ግን አንድ ያልተስማማሁበት ነገር አለ። ለቤተሰብ የሚለው ፎልደር ውስጥ ያሉት ፊልሞች ላይ መሳሳም ካለ ቆርጦ ያወጣዋል። ወላጆች ስለሚጠይቁት ነው፣ እረዳዋለሁ። ሰው ሲገደል ያለበትን ክፍል ግን ማንም ቁረጥልኝ ብሎት ስለማያውቅ አይቆርጠውም። ይሄ የሱ ጥፋት አይደለም የሁላችንም ነው። ቤታችን ውስጥ ምን እንደምናደርግ እስኪ አስቡት፣ ባልና ሚስት ሲሳሳሙ ሪሞት ፍለጋ እንሯሯጣለን፣ ልጆቹ አይናቸውን እንዲጨፍኑ እንነግራቸዋለን፣ አንድ ሰው ግን በመትረየስ ሃያውን ሲረፈርፍ ሻይ እየጠጣን እናያለን፣ እንደውም "አይ ጀግና" እንላለን። ልጆቹ ከዚ ምን ይማራሉ? ፍቅር ነውር ነው፣ ሰው መግደል ግን አባባም ፊት ይታያል። ይሄ በየትኛውም ሃይማኖት ትክክል አይደለም፣ በኦርቶዶክሱም በእስልምናውም በፕሮቴስታንቱም፣ እኛ ብሎክ ውስጥ ሦስቱም አለን ሁሉም ግን ቤቱ የሚያደርገው ያንኑ ነው።

ወደ ኢንተርኔቶቹ ስንመጣ፣ እኔ የማያቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ኮመን ሴንስ ሚዲያ የሚባለው ነው፣ አሜሪካን አገር በ2003 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የተመሠረተ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ ለየፊልሙ ከስንት ዓመት ጀምሮ ለልጅ እንደሚሆን ይጽፋል፣ ድብድቡን፣ ስድቡን፣ ወሲቡን፣ መጠጥና ሲጋራውን ለየብቻ ይነግርሃል፣ ደስ የሚለው ደግሞ ፊልሙ ምን መልካም መልእክት እንዳለውና አርአያ የሚሆን ሰው እንዳለበት የሚጽፍበት ቦታ አለው። ወላጆችም ልጆችም የራሳቸውን አስተያየት ይሰጣሉ፣ የልጆቹን አስተያየት ማንበብ በጣም ይጠቅማል ምክንያቱም ትልቅ ሰው ያላሰበው ነገር ነው የሚያስፈራቸው። ሁለተኛው አይኤምዲቢ የሚባለው የፊልም መረጃ ዌብሳይት ላይ ያለው የወላጆች መመሪያ ነው፣ እሱን ተመልካቾች ራሳቸው ናቸው የሚሞሉት፣ የለም፣ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ እያሉ ድምጽ ይሰጣሉ። ዳታ ትንሽ ነው የሚበላው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ ልታየው ትችላለህ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ለማያነብ ወላጅ ትልቅ ልጁ ያንብብለት።

ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ግን ሁለቱም በዋናነት የሚቆጥሩት በዳዩ የሚያደርገውን ነው፣ ስንት ጊዜ ተሳደበ፣ ስንት ጊዜ ተኮሰ፣ ስንት ጠርሙስ ጠጣ። ፊልም ላይ ከፊት የተጻፈው የአሜሪካኖቹ ደረጃም ያው ነው፣ ከ1968 ጀምሮ ያለው፣ ጂ (ለሁሉም)፣ ፒጂ (ወላጅ ያስብበት)፣ አር (ከ17 ዓመት በታች ያለ ወላጅ የማይገባበት) ምናምን የሚለው፣ ፒጂ 13 የሚለው በ1984 ነው የተጨመረው። አሁን ይሄን ተመልከቱ፦ ሺንድለርስ ሊስት የሚባለው የ1993 ፊልም አር ነው የተሰጠው፣ በ2019 የወጣው ጆከርም አር ነው የተሰጠው። አንድ ፊደል። ሺንድለርስ ሊስት ናዚዎች አይሁዶችን ሲጨፈጭፉ አንድ ነጋዴ ከሺህ በላይ ሰው እንዴት እንዳተረፈ የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ ነው። ቫቲካን በ1995 ሲኒማ 100 ዓመት ሲሞላው 45 ፊልሞችን መርጣ በሃይማኖት፣ በሥነ ምግባር እሴትና በጥበብ ብላ በሦስት ስትከፍላቸው ይሄ ፊልም በሥነ ምግባሩ ክፍል ውስጥ ገብቷል። ስለዚ ቤተ ክርስቲያን ለሥነ ምግባር ብላ የመረጠችው ፊልምና ሰው ሳያመነታ የሚገድል ሰው ታሪክ የሆነው ፊልም ደረጃ ሰጪዎቹ ጋ አንድ ናቸው ማለት ነው። ፊደሉ ውሸት አይደለም፣ ሁለቱም ለሕፃን አይሆኑም፣ ግን ልዩነታቸውን አይነግርህም።

እኔ የምጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው። ተበዳዩ ፊት አለው ወይ? የተገደለው ሰው ስም አለው ወይ፣ የተሰረቀው ሰው ቤቱ ገብተን አየነው ወይ፣ የተዋሸችው ሴት ብቻዋን ስታለቅስ ካሜራው አብሯት ቆየ ወይስ ወዲያው ወደ በዳዩ ሄደ? ሺንድለርስ ሊስት ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሳለ አንዲት ቀይ ኮት የለበሰች ሕፃን ብቻ በቀለም ትታያለች፣ ከዛ ሁሉ ሰው መሃል አይንህ እሷን ይከተላል፣ በኋላ ኮቱን በሌላ ቦታ ስታየው ምን እንደሆነች ማንም ሳይነግርህ ታውቃለህ። እዛ ጋ ነው ፊልሙ ሥነ ምግባር የሚኖረው። ጆከር ላይ እንኳን፣ ፊልሙን ባልወደውም፣ አንድ ቦታ አለ፣ የገዳዩ አጭር የሥራ ባልደረባ ግድያውን አይቶ ከቤት ለመውጣት በሩ ላይ ያለው ሰንሰለት ከፍ ብሎበት ሲንቀጠቀጥ፣ ያንን ሰው ስታየው የገዳዩ ነገር ያስጠላሃል። ሌላው ክፍል ግን ገዳዩን እንድታጨበጭብለት ነው የሚገፋህ።

ይሄን ጥያቄ ከያዝክ የድሮ ፊልምም የአሁኑም ይለይልሃል። እዛው የቫቲካን ዝርዝር ውስጥ የ1948ቱ የጣልያኖቹ የብስክሌት ሌቦች አለ። ሥራ ያጣ አባት፣ ብስክሌት ካለህ ሥራ አለህ ይሉታል፣ ሚስቱ አንሶላዎቹን አስይዛ ብስክሌቱን ታስለቅቅለታለች፣ ሥራ በጀመረበት ቀን ይሰረቃል። ከልጁ ጋር ሮማን ሲያስሱ ይውሉና መጨረሻ ላይ አባትየው ራሱ የሌላ ሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ሲሞክር ይያዛል፣ ልጁ እያየው። ባለ ብስክሌቱ የልጁን ፊት ሲያይ "ልቀቁት" ይላል። አንድም ስብከት የለበትም፣ አንድም ሰው "ስርቆት ኃጢአት ነው" አይልም፣ ግን ያንን ፊልም አይቶ የሚሰርቅ ልጅ ያለ አይመስለኝም። አራብሳ ያለ ልጅ ደግሞ በደንብ ይገባዋል፣ አባቱ በሌሊት ተነስቶ አውቶቡስ ሰልፍ ይዞ ሥራ ፍለጋ መሃል ከተማ ሲወርድ ያየ ልጅ ነው።

ከዘመኑ ፊልሞች ውስጥ ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ያከራከረን ኮኮ ነው፣ ፒክሳር በ2017 የሠራው አኒሜሽን፣ ፊልም ቤቱ ለልጆች የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ሜክሲኮዎች ሙታኖቻቸውን የሚያስቡበት ቀን አላቸው፣ ፎቶ ያስቀምጣሉ፣ ምግብ ያስቀምጣሉ፣ ሚጌል የሚባለው ልጅ በዛ ቀን የሙታን አገር ይገባል። አንዷ ጎረቤታችን ጴንጤ ናት፣ ልጆቿን አላሳይም አለች፣ የሙታን መንፈስ ከሰው ጋር ሲያወራ ለልጅ ማሳየት ልክ አይደለም ነው የምትለው። ሌላዋ እናት ደግሞ "እኛስ ተዝካር እናወጣ የለ፣ ሙት ዓመት እናስብ የለ" አለች። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ፊልሙን ከልጆቹ ጋር አይቶት ኖሮ፣ የሞተ ሰው ፎቶ ስለተቀመጠለት አይጠቀምም ጸሎትና ምጽዋት ነው የሚጠቅመው ብሎ ለልጆቹ እንዳስረዳቸው ነገረን። እኔ ሦስቱም ትክክል ናቸው ብዬ አልሸፋፍነውም፣ እምነታችን ይለያያል፣ ልጇን አላሳይም ያለችውም እናት መብቷ ነው፣ ማንም "ኋላ ቀር" ሊላት አይገባም። ግን ያ ምሽት ደረጃ ሰጪዎቹ ሊሠሩልን የማይችሉትን ሠራልን። መንፈሳዊውን ነገር ውጪ አገር ያለ ሰው በቁጥር ሊነግርህ አይችልም፣ እምነትህን የምታውቀው አንተ ነህ።

የኔ ጥያቄ ግን እዛም ፊልም ላይ መልስ አለው፣ በጣም ጥሩ መልስ። ኤርኔስቶ የሚባለው አገር የሚያመልከው ዘፋኝ ዘፈኖቹን የራሱ አድርጎ ነው የኖረው፣ የጻፈው ግን ሄክተር ነው፣ ሄክተር ወደ ልጁ ወደ ቤቱ ልመለስ ሲል ነው መርዝ ያጠጣው። ሙሉ ፊልሙ የተረሳውን ሰው ፍለጋ ነው። ቤተሰቡ "ጥሎን የሄደ" ብሎ የረገመው ሰው ተገድሎ እንጂ ጥሎ አልሄደም። ልጄ ይሄን ካየ በኋላ የጠየቀኝ ጥያቄ "አባባ የሱን ዘፈን ሲዘፍኑ ለምን ስሙን አይጠሩም?" የሚል ነበር። ከአንድ ካርቱን ይሄን ጥያቄ ካገኘሁ ይበቃኛል።

መንፈሳዊ ፊልም ስለሚባሉት አንድ ነገር ልበል። ፊልም ቤቱ ለነሱ ለብቻ ፎልደር አለው፣ የኛም የውጪም። ብዙዎቹ ላይ ሰውየው ይቸገራል፣ ይጸልያል፣ ያገኛል። ሥራ አጣ፣ ጸለየ፣ ሥራ አገኘ። ልጅ ታመመ፣ ተጸለየ፣ ተነሳ። እግዚአብሔር አይሰማም እያልኩ አይደለም፣ ይሰማል። ግን ልጆቻችን ጸልየው ያልተነሳ ሰው ያውቃሉ፣ አያታቸው ሞታለች፣ የጎረቤት ልጅ ሞቷል፣ ስለዚ ያንን ፊልም ብቻ ካዩ አንድ ቀን "የኔ ጸሎት ለምን አልሠራም" ብለው ይሰበራሉ። ለዛ ነው ሂደን ላይፍ የሚባለውን የ2019 ፊልም ለጎረምሶች የምመክረው። ፍራንዝ ዬገርሽቴተር የሚባል የኦስትሪያ ገበሬ ለሂትለር ቃለ መሐላ አልፈጽምም ብሎ በ1943 ተገደለ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2007 ብፁዕ ብላዋለች። ፊልሙ ላይ ይጸልያል፣ ሚስቱም ትጸልያለች፣ ግን አይድንም። ሹማምንቱ ደጋግመው የሚነግሩት ይሄን እምቢታህን ማንም አያውቅልህም፣ ማንንም አይጠቅምም ነው። የመንደሩ ሰው ሚስቱን ያገላታል፣ ብቻዋን ታርሳለች። ካሜራው እሷን አይተዋትም፣ ጀግንነቱ ማንን እንዳስከፈለ ያሳየሃል። ፈረንሳይ በሚደረገው የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የክርስቲያኖች የጋራ ዳኞች ሽልማት አለ፣ ከ1974 ጀምሮ የሚሰጥ፣ የዛን ዓመት ለዚ ፊልም ነው የሰጡት። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ቀስ ያለ ነው፣ ትንንሾቹን ይዛችሁ አትዩት።

አሁን ወደ አማርኛ ፊልሞቻችን። እዚ ላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው ምክንያቱም ፊልም ቤቱ ውስጥ ለቤተሰብ ከሚለው ብዙውን የያዘው የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲ ነው፣ ስድብ የለውም፣ ራቁት የለውም፣ ደም የለውም፣ በኢንተርኔቶቹ መስፈርት ቢለካ ንጹህ ነው። ታሪኩ ግን ብዙ ጊዜ ምንድነው? አንድ ልጅ ሀብታም ነኝ ብሎ ይዋሻል፣ ወይም ሀብታሙ ድሃ ነኝ ብሎ ይዋሻል፣ ልጅቷን በውሸት ያፈቅራል፣ ውሸቱ ሲወጣ ታለቅሳለች፣ አንድ ዘፈን ይገባል፣ ጓደኛው ይመክራታል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ሠርግ። ያለቀሰችበት ጊዜ አንድ ዘፈን ብቻ ነው። እሷ ይቅር ማለቷ አይደለም ችግሩ፣ ይቅርታ እኮ የሃይማኖታችን ልብ ነው፣ ችግሩ ማንም አለመጠየቁ ነው። ይቅርታ ጠይቆ፣ ክሶ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ እምቢ ልትልም እንደምትችል አውቆ አይደለም የሚቀርባት፣ ፊልሙ ሊያልቅ አስር ደቂቃ ስለቀረው ነው። ንስሐ የሌለበት ይቅርታ ልጆቻችንን ምን ያስተምራል? ወንዶቹን "ዋሽ፣ በኋላ ይታለፋል"፣ ሴቶቹን "ተዋሽ፣ በኋላ እሺ በይ"። ይሄ ከስድብ በላይ ያሳስበኛል።

ከዚ በተቃራኒ ድፍረት የሚባለው ፊልም አለ፣ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው፣ በ2014 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት ያገኘው። የአስራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ትደፈራለች፣ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ ታመልጣለች፣ ጠበቃዋ ደግሞ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሠረተችው ናት፣ ታሪኩ በእውነተኛ ጉዳይ ላይ የተመሠረተ ነው። ኮመን ሴንስ ቢያየው ግድያ አለው፣ አስገድዶ መድፈር አለው፣ ለልጅ አይሆንም ይላል፣ ለትንሽ ልጅ እውነትም አይሆንም። ግን ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች ሴት ልጅና ለወንድሟ አብራችሁ አሳዩዋቸው። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ስር ተቀምጠው ሲነጋገሩ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ልማዳቸውን ነው የሚጠብቁት፣ ሰላም እንዲወርድ ነው የሚፈልጉት፣ ያ ሰላም ግን በልጅቷ ሕይወት ነው የሚከፈለው። ይሄን ያለ ጩኸት አሳይቷል።

ሆኖም ስለ ፊልሙ ስናወራ መደበቅ የሌለበት ነገር አለ። በ2014 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ታሪኩ የተሠራባት ሴት ያለኔ ፈቃድ ነው ብላ ፍርድ ቤት ሄዳ የምረቃው ዕለት በእግድ ቆመ፣ እግዱ በኋላ ነው የተነሳው። ስለ ተበዳይ የተሠራ ፊልም ተበዳይዋ "እኔን ማን ጠየቀኝ" ስትል። እኔ ፊልሙን አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ፣ ግን ልጆቼን ሳሳያቸው ይሄንንም እነግራቸዋለሁ፣ የፊልም ሥነ ምግባር ስክሪኑ ላይ ያለው ብቻ አይደለም፣ እንዴት ተሠራ የሚለውም አለ።

ላምብ የሚባለውን ፊልም ደግሞ ለሁሉም ዕድሜ እመክራለሁ። ያሬድ ዘለቀ ነው ያዘጋጀው፣ በ2015 ካን ላይ በይፋ ከተመረጡት ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታበት አባቱ ዘመድ ቤት ጥሎት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፣ ያለችው አንዲት በግ ናት፣ ቹኒ፣ አጎትየው ለበዓል ትታረዳለች ይላል። አጎትየው ጨካኝ አይደለም፣ ድሃ ገበሬ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ብዙ አፍ አለ። ልጁ ምግብ መሥራት ይወዳል፣ አጎትየው ደግሞ ወንድ ልጅ ምን ወጥ ቤት ያስገባዋል ባይ ነው። እኔ ቤት ይሄን ስናይ ልጆቹ ፋሲካ ሲመጣ ስለምናርደው በግ ጠየቁኝ፣ ረጅም ወሬ ሆነ፣ ስለ መሥዋዕት፣ ስለ ጾም፣ ስለ እንስሳም ስቃይ። ቁራኛዬም (ሞገስ ታፈሰ፣ 2019) እንደዛው ነው፣ ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ የነበረበትን ሥርዓት ይዞ ነው የተሠራው። በዳይና ተበዳይ አንድ መንገድ፣ አንድ እንቅልፍ፣ አንድ ርሃብ። ከዚ በላይ ሰው የበደለውን ሰው ፊት እንዲያይ የሚያደርግ ሐሳብ ከየት ይመጣል? የራሳችን ታሪክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር።

ስለ ትርጉም ፊልሞች ባጭሩ። እዚ ሰፈር ትልልቅ ሰዎች የሚወዱት እሱን ነው፣ አንድ ሰው ሁሉንም ድምጽ በአማርኛ የሚያወራበት። እናቶቻችን የውጪ ፊልም ማየት የቻሉት በነዚ ልጆች ነው፣ ትልቅ ውለታ ነው። አንዳንዶቹ ግን ሰው ሲሞት ቀልድ ይጨምራሉ፣ ኦሪጅናሉ ላይ እናት ልጇን አቅፋ እያለቀሰች ተርጓሚው ሰውን ሊያስቅ ይሞክራል። ፊልሙ ለሟቹ የሰጠውን ፊት ያጠፋበታል። ፊልም ቤቱን የምጠይቀው የትኛው ትርጉም እንደሆነ ለይቶ እንዲጽፍ ነው፣ ሰው ከፈለገ ኦሪጅናሉን ከሰብታይትል ጋር እንዲወስድ። የቱርክ ተከታታዮቹን አላነሳም፣ አንድ ሰው በቀሉን ለመጨረስ መቶ ክፍል የሚፈጅበት ነገር ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ከልጅ ጋር አይታይም።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቷል እሱም ኮፒው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) የፊልም ሠሪውን መብት ይጠብቃል፣ እኛ ደግሞ ስለ ሥነ ምግባር የሚናገር ፊልም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በፍላሽ እንጭናለን። እኔ በያዝኩት ጥያቄ ከሄድን እዚ ጋ ተበዳዩ ፊልም ሠሪው ነው። ቤቱ ሲኒማ ላይ ያለ አዲስ የአማርኛ ፊልም አይጭንም፣ "ሲኒማ ሄደው ይዩት ጋሼ" ይላል፣ ለዚ አከብረዋለሁ። የቆዩትን ግን ይጭናል፣ የውጪዎቹን ሁሉ ይጭናል። ብዙ የአማርኛ ፊልሞች አሁን ባለቤቶቹ ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ ጭነዋቸዋል፣ እዛ ስታዩት ለነሱ ገቢ ይሆናል፣ ስለዚ ዋይፋይ ያለው ሰው እነዛን እዛው ይያቸው፣ ፍላሽ ላይ አያስጭን። ቤቱ ውስጥ ለሚሠራው ልጅም ነግሬዋለሁ፣ ዩቲዩብ ላይ ያለ ፊልም ሲጠየቅ ሊንኩን በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ ብሏል። ካደረገው ጥሩ ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ፊልም ቤቱን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለኮፒው ነው። ኮመን ሴንስ ሦስት ተኩል፣ በተለይ ለትንንሽ ልጆች፣ ምን እንደሚያስፈራቸው ከሱ በላይ የሚነግራችሁ የለም። አይኤምዲቢው ሦስት፣ ለፈጣን ማጣሪያ። ፊልም ቤቱ ኢንተርኔቶቹን የሚበልጠው ሰፈሩን ስለሚያውቅ ነው፣ የኛን ልጆች በስም ያውቃቸዋል፣ ማን ቤት ለቅሶ እንዳለ ያውቃል፣ አባቱ በቅርብ የሞተበት ልጅ ካለ አባት የሚሞትበትን ፊልም አይሰጠውም፣ ይሄን የሚያደርግ ዌብሳይት የለም።

ስትሄዱ ከማን ጋር እንደምታዩ ንገሩት፣ የልጆቹን ዕድሜ ንገሩት፣ የተቆረጠ ነገር ካለ የት እንደተቆረጠ ጠይቁት፣ ከመሳሳሙ ይልቅ ግድያው የበዛበትን ለይተህ ንገረን በሉት፣ ብዙ ሰው ከጠየቀው ያደርገዋል። ላምብንና ቁራኛዬን መጀመሪያ በሕጋዊ መንገድ ፈልጓቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ይጨናነቃል፣ መብራትም ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ያኔ ነው፣ ዓርብ ከሥራ ስትመለሱ ብታልፉ በደንብ ያስተናግዳችኋል፣ ፍላሻችሁን ግን ባዶ አድርጋችሁና ቫይረሱን አጽድታችሁ ሂዱ ምክንያቱም የሱ ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው።